ስለ ዮዲት ጉዲት ጦርነት

በእኛ በሐይቅ አገር የዮዲት ጉዲት ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። የአክሱም መንግሥት በተናወጠ ጊዜ ንጉሥ ድልነዓድ ወደዚህ ሐይቅ ዳር መጣ፥ በዘመኑም የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ እየተባለ ከአባት ለልጅ ሲነገር ኖሯል። ስለዚህ በተዝካር ቤት ክርክሩ ሲነሣ ሰው ሁለት ወገን ይሆናል። ሽማግሌው ሁሉም ልክ እንደ ተነገረው ነው ይላል፤ ከተማ የተማረው ወጣት ተረት ነው ብሎ ይሥቃል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ፤ ሽማግሌውን ግን አብልጬ፥ ከእርሱ ወገን ነበርሁና።

ለወጣቱ የምመልሰው አጭር ነው። ኢብን ሐውቀል የተባለ እስላም መንገደኛ በ10ኛው ምዕተ ዓመት ሲጽፍ፥ በሐበሻ አገር አንዲት ሴት ንጉሡን ገድላ ለብዙ ዓመታት ገዛች ብሏል። ደግሞ ፊላታዎስ በእስክንድርያ ፓትርያርክ በነበረበት ዘመን፥ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ979 እስከ 1003 ባለው ውስጥ፥ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ላከ። አንዲት ንግሥት ከተሞቼን አቃጠለች፥ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፥ እኔንም ከስፍራ ወደ ስፍራ አሳደደችኝ ብሎ፥ ጳጳስ እንዲላክለት ያማልደው ዘንድ ለመነው። ይህ በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ተጽፏል። ሁለት ምስክሮች ሳይመካከሩ በአንድ ነገር ከተስማሙ፥ ዳኛ ይሰማቸዋል እንጂ አይሥቅባቸውም። ጦርነቱ ሆኗል።

አሁን ወደ ሽማግሌው እመለሳለሁ። አባቴ ሆይ፥ ደብዳቤው ዮዲት አይላትም፤ ጉዲትም እሳቶም አይላትም። በኒ አል ሐሙያ ከሚባል ሕዝብ የተነሣች ይላታል፤ ያ ሕዝብ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ኮንቲ ሮሲኒ የዳሞት ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ገምቷል። አይሁዳዊት ያደረጋት የኋላ ዘመን ትረካ ነው።

ድንጋዩንስ ተመልክተኸዋልን? በአክሱም የወደቀውን ታላቁን ሐውልት ጉዲት ጣለችው ይባላል። ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል፥ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ነው። ቆፍረው የመረመሩት ሊቃውንት ግን ሲያቆሙት ሳለ ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ፤ ይህም ንግሥቲቱ ከመነሣቷ 600 ዓመት ያህል በፊት ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ ያሉት ሐውልቶች ደግሞ የጉዲት ይባላሉ፤ የቆሙት ግን እርሷ ሳትወለድ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ያልጣለችውን ጣለች አልን፥ ያልተከለችውን የእርሷ ነው አልን። ክፉ ሴት ከተገኘች ሌላ ምክንያት መፈለግ ድካም ሆነብን።

በድንጋይ ላይ መሳሳት ማንንም አይጎዳ ይሆናል። ነገር ግን ቤተ እስራኤል፥ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ. ም. ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፥ የዚህችን ሴት ዕዳ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪውም ሁሉ ከእነርሱ ጋራ ይቈጠር ነበር። በማስተምርበት ዘመን አባቱ ቀጥቃጭ የሆነ አንድ ልጅ በክፍሌ ነበረ። ጉዲት አይሁዳዊት ነበረች ባልሁ ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ዘወር ብለው አዩት። እርሱም እጁን አንሥቶ፦

«መምህር፥ አይሁዳዊት መሆኗን ማን ጻፈው?» አለኝ።

«ይህን የማያውቅ የለም» ብዬ አስቀመጥሁት። እኔ ራሴ ደብዳቤውን ገና አላነበብሁትም ነበር። በማግሥቱ ከፊተኛው ወንበር ተነሥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም አንድ ነገር አልጠየቀኝም።