ጥርሱን ሳንቆጥር ሳይክል አንግዛ

በዚህ የሙያ ዓምዳችን ስለ ሳይክል፣ በተለይም ስለ ማርሹና ስለ ሰንሰለቱ እንጨዋወታለን። ሱዳኖች «አጀላ» የሚሉት ይህ ዕቃ ለስደተኛ ቤተሰብ መዝናኛ አይደለም። ውሃ ማመላለሻው፣ ገበያ መውረጃው፣ የታመመ ማድረሻው ነው። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ሳንቲም አጠራቅሞ አንዴ ይገዛል እንጂ ሁለተኛ የመግዛት አቅም የለውም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ የሚገባን ነገር አለ።

ካርቱም የኖርን ሁሉ እንደምናውቀው ከተማዋ ሜዳ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ስለሆነች፣ ከጀሪፍ ዴም ድረስ ቢነዱ ዳገት የሚባል የለም፤ ካለም የድልድይ መውጫ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ባሕር ዳርን የሳይክል ከተማ ያደረጋት አንዱ ነገር ሜዳነቷ ነው። ስለዚህ ሳይክል እንደ መሬቱ ነው። ለካርቱም አስፋልት ባለ አንድ ማርሹ ወፍራም ሳይክል ይበቃን ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን ብዙዎቻችን ከአስፋልቱ ወጣን። ገዳሪፍ አካባቢ መሬቱ መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጎማውንና ፓራፋንጎውን አንድ ላይ ይለጥፈዋል። ሌላው ቦታ ደግሞ አሸዋ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲጫን 40 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ጉልበታችን ሲዝል «ሳይክሉ አረጀ» ወይም «ባለ 21 ማርሽ መግዛት አለብን» እንላለን። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገን ብዙ ማርሽ ሳይሆን ልክ የሆነ አንድ ማርሽና የተጠበቀ ሰንሰለት ነው።

ማርሽ ማለት ምንድን ነው?

ፔዳሉ ላይ ያለው ትልቁ የፊት ባለጥርስ ይባል፤ ጎማው ላይ ያለው ትንሹ የኋላ ባለጥርስ። የሁለቱንም ጥርስ ቁጠሩ፤ ጠመኔ ይዛችሁ የጀመራችሁበትን ጥርስ ምልክት አድርጉበት። የፊቱ 44፣ የኋላው 18 ቢሆን 44ን ለ18 ማካፈል ነው፤ 2.44 ይመጣል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ዙር ተኩል ያህል ይዞራል ማለት ነው። ባለ 28 ጎማ አንድ ዙሩ 2.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ትሄዳላችሁ።

አሁን የኋላውን ባለ 22 ጥርስ ብናደርገውስ? 44 ለ22 ልክ 2 ነው፤ በአንድ ዙር 4.4 ሜትር። እግራችን በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞር ፍጥነቱ በሰዓት ከ19 ኪሎሜትር ወደ 16 ይወርዳል። በዚህ ምትክ ፔዳሉ ላይ የምናሳርፈው ጉልበት ከአምስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል። 10 ኪሎሜትር ለመሄድ የሚጨመረው 400 ዙር ያህል ነው። ጀሪካን ለጫነ ሰው ይህ ንግድ ነው እንጂ ኪሳራ አይደለም። ጉልበት የሚያመው አባት ወይም ገና ያልጠነከረ ልጅ የሚነዳው ከሆነማ ምኑ ይነገራል!

ይህ ለእሽቅድምድም ሰዎችም አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ ዙር ውድድር በጉዞ ላይ ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎቹ የኋላውን ጎማ ግራና ቀኙን የተለያየ ባለጥርስ ያስገጥሙበት ነበር፤ ተራራው ሥር ሲደርሱ ወርደው ጎማውን ገልብጠው ይወጡታል። በዚያ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲነዳ ሳይክሎቹ 22 ማርሽ ደርሰዋል። ሒሳቡ ግን ያው ጥርስ መቁጠር ነው።

ባለ አንድ ማርሹን ማቅለል

የፊቱን አትንኩት፤ የሚቀየረው የኋላው ነው። ወደ ኋላ ሲዞር የሚንጣጣው ባለጥርስ በጥርሳማ ብሎን ጎማው እምብርት ላይ የተጠመጠመ ነው። ሲነዳ እየጠበቀ ስለሚሄድ ለመፍታት ልኩ የሆነ መፍቻ ያስፈልጋል፤ በመዶሻና በምስማር የሚመታ ሠራተኛ ካያችሁ ሳይክሉን ይዛችሁ ውጡ። አዲሱ ሲገባ ግራሶ ተቀብቶ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይዙር፤ በእጅ አልዞር ካለ ተጣሟል ማለት ነው፣ አውጥቶ እንደገና መጀመር ነው።

ከ18 ወደ 22 ሲኬድ ሰንሰለቱ ሊያጥር ይችላል። ጎማውን ወደ ፊት ሳብ በማድረግ ካልበቃ አንድ ሙሉ ዓይን፣ ማለትም አንድ ውስጠኛና አንድ ውጫዊ፣ ይጨመርበታል። ዳዶው ሲጠብቅ ጎማው መሀል ለመሀል ይቁም። ሰንሰለቱ መካከሉን በጣት ሲነኩት ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይንቀሳቀስ። ከዚህ ከላላ ይወልቃል፤ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»ና ይህን ስንሠራ ባንቸኩል ይሻላል።

ባለ ብዙ ማርሹ ካለንስ?

ባለ 21 የሚባለው ፊት 3፣ ኋላ 7 ያለው ነው። ፊት ትልቁን ከኋላ ትልቁ ጋር፣ ወይም ትንሹን ከትንሹ ጋር አታጣምሩ፤ ሰንሰለቱ ገደድ ብሎ እየሄደ ቶሎ ያልቃል። ማርሽ የሚቀየረውም ዳገቱ ወይም አሸዋው ከመድረሱ በፊት፣ እግርን ቀለል አድርጎ ነው። ሳይክሉ በጭነት መኪና ሲጓዝ በቀኝ ጎኑ አይተኛ፤ የማርሽ ቀያሪው ክንድ ይጎብጣል።

የማርሹ ሽቦ ቢበጠስ ሰንሰለቱ ከኋላ ወደ ትንሹ፣ ማለትም ወደ ከባዱ ይወድቃል። አዲስ ሽቦ እስኪገኝ ድረስ መላ አለው። ከተበጠሰው ሽቦ ራሱ ያለበትን ቁራጭ ወስዳችሁ በማርሽ ቀያሪው የሽቦ ማስገቢያ አሳልፉ፤ ሰንሰለቱ ከመካከለኛው ባለጥርስ ላይ እስኪያርፍ ክንዱን በእጅ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ሽቦውን በቡሎኑ እሰሩት። በቃ፣ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል አላችሁ።

ሰንሰለት ስትገዙም ተጠንቀቁ። የባለ አንድ ማርሹ ወፍራም፣ የባለ ብዙው ቀጭን ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

አቧራና ዘይት

ከሀቡብ በኋላ ሰንሰለቱ ላይ ዘይት ብቻ የሚያፈስ ሰው አቧራውን ከዘይት ጋር አቡክቶ ሞረድ እየሠራ ነው። መጀመሪያ በጨርቅና በትንሽ ላምባ ይጠረግ፤ ይድረቅ፤ ከዚያ በየዓይኑ አንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት ይብቃው። ውጪው እንደገና በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ግን ቆሻሻ ስላለበት ይቅርብን።

ሰንሰለቱ ማለቁን በብረት ሜትር ማወቅ ይቻላል። ከአንድ ፒን ተነስታችሁ 24 ዓይን ስትቆጥሩ አዲሱ 30 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። 30.8 ከሞላ ይቀየር። ሰንሰለት ለመቆጠብ ብለን ከዚያ በላይ ብናቆየው ባለጥርሶቹን እንደ ማጭድ እያጎበጠ ሦስቱንም ያስገዛናል።

በመጨረሻም አደራ። ሳይክል ገልብጣችሁ ስታዞሩ ሕፃናትን አርቁ፤ ሰንሰለቱና ባለጥርሱ የሚገናኙበት ቦታ ጣት ይቆርጣል። ነጠላና ረጅም ቀሚስም ከሰንሰለቱ በኩል ይሰብሰብ፣ ይታሰር። ማርሹ ቀልሎ ጭነቱ ሲጨምር ደግሞ ፍሬኑ መፈተሽ አለበት፤ 40 ኪሎ ውሃ ሲቆም የሚቆመው በፍሬን ነው።

ይህን ያነበበ ላላነበበ፣ የቻለ ላልቻለ ጎረቤቱ ያሳይ። አንድ መፍቻና አንድ የብረት ሜትር በጋራ ቢገዛ ለስንት ቤት ይበቃል። እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር ይግጠመን።