ጠዋት ፈሪ፣ ማታ ጉልቤ
(ለካርቱን ተርጓሚዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ይድረስ፦ መርካቶ ውስጥ የልጆች ተከታታይ ካርቱን ወደ አማርኛ እየመለሳችሁ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ለምታከፋፍሉ ተርጓሚዎች፣ ድምፅ ሰጪዎችና ነጋዴዎች



እኔ ሸማ ተራ ጨርቅ የምሸጥ፣ ልጆቼም ከትምህርት ቤት መልስ ሱቄ ውስጥ ካርቱን የሚያዩ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ሥራችሁን ለማጣጣል አይደለም። የውጭ ቋንቋ ያልገባው ልጅ በራሱ ቋንቋ የሚስቅበትና የሚያዝንበት ነገር ማግኘቱ ቀላል ውለታ አይደለም። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን ከክፍል ወደ ክፍል አትጠብቋቸውም። አንዱን ክፍል አንድ ሰው፣ ቀጣዩን ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ ሁለቱ ተነጋግረው የሚያውቁ አይመስሉም።

ባለፈው ክረምት ሱቄ ደጃፍ የተነሣውን ክርክር ልንገራችሁ። የእኔና የጎረቤት ልጆች በሚከታተሉት ካርቱን ውስጥ አንድ ፈሪ ልጅ አለ። ጥላውን የሚጠራጠር፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚያመነታ፣ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነው። በአንዱ ክፍል ይኸው ልጅ ድንገት በጎረምሳ ድምፅ እየደነፋ፣ የአራዳ ቋንቋ እያወራ መጣ። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ይላቸው የነበሩትን አያቱንም «አንቺ» አላቸው። ልጆቹ ተከፋፈሉ። አንዷ «ባለፈው ስለመቱት ነው፤ ከእንግዲህ አልሸነፍም ብሏል» ብላ ተሟገተች። ሌላው «እሱ አይደለም፣ መንታ ወንድሙ ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ደግመውበት ነው፣ በሚቀጥለው ክፍል ይለቀዋል» ብሎ ከረሜላ አስያዘ። የሚቀጥለው ክፍል ሲመጣ ልጁ እንደ ጥንቱ ፈሪ ሆኖ ቁጭ አለ። የተመታ፣ የተደገመበት፣ መንታ ያለው የለም። ቅጂውን የሸጠልኝን ወጣት ብጠይቀው ሳቀና «ያንን ክፍል የሠራው ሌላ ሰው ነዋ!» አለኝ።

ልጆቹ ያቀረቧቸውን ምክንያቶች ልብ በሉ። ሦስቱም ከታሪኩ ውስጥ የተፈለጉ ናቸው። ሰው ያለ ምክንያት እንደማይለወጥ ስለሚያምኑ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። ያገኙት ግን ያን ዕለት ማን ሥራ ገብቶ፣ ማን ቀርቶ እንደነበር ብቻ ነው። ገጸ ባሕርይ አይለወጥ አላልሁም። ፈሪው ይጀግን፣ ክፉው ይጸጸት፤ ይህማ የተረት ሁሉ ደም ሥር ነው። ግን ልጁ የሄደበትን መንገድ ተመልካቹ አብሮ ይሂድበት።

ሰው ያለ ምክንያት እንደማይለወጥ ልጆቻችን የተማሩት ከካርቱን አይደለም። አያ ጅቦ ሆዳም እንደሆነ፣ እመት ጦጢት ብልህ እንደሆነች ከአያቶቻቸው ሰምተው ያደጉ ናቸው። ተረት ነጋሪው ጅቡን አንድ ቀን አስተዋይ ቢያደርገው «እንዲህ አልነበረም!» ብሎ የሚያቋርጠው የአራት ዓመት ሕፃን ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። ያን ሁሉ አንበሳ፣ ቀበሮና ጦጣ ተሸክሞ የኖረው የአንድ ሰው አንደበት ነው። ስለዚህ «ለየገጸ ባሕርዩ የሚሆን ድምፅ ሰጪ የለንም» የሚለው ሰበብ ብዙ አያስኬድም። አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው ይችላል፤ የሚናገርለትን ገጸ ባሕርይ ካወቀው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በቪዲዮ ቤት ዘመን ተርጓሚው «አክተሩን» ከ«ወንበዴው» ለይቶ ካስረዳን ይበቃን ነበር። ፊልሙ በሁለት ሰዓት ያልቃል፣ እኛም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ተከታታይ ካርቱን ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ለወራት አብሮት ይከርማል፤ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ሰፈር ልጅ ያውቃቸዋል። የተመልካቹ ጆሮም ተለውጧል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማ በአማርኛ ሲቀርብ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል ቤተሰብ ሁሉ ለምዷል።

የእናንተን ጥፋት የሚያከብደው ደግሞ ሥዕሉን የሠሩት ሰዎች ያደረጉት ጥንቃቄ ነው። በካርቱን ሥራ አንድን ገጸ ባሕርይ ብዙ ሠዓሊዎች ይሥሉታል። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሥሉት ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ምን እንደሚመስል፣ ሲቆጣና ሲስቅ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ ወረቀት አስቀድሞ ይታደላቸዋል። ያ ሁሉ እጅ ያልለወጠውን ልጅ እናንተ በአንድ ሌሊት ቀረጻ ትለውጡታላችሁ። በእኔ ንግድ ቢሆን፣ ናሙና አይቶ ያዘዘኝ ደንበኛ ከጣቃዎቹ የአንዱ ቀለም ቢለይበት ሁሉንም ሱቄ ላይ ወርውሮብኝ ይሄዳል። ልጅ ግን ዕቃ መመለስ አይችልም።

ሦስት ነገር በተለይ አስከፍቶኛል። የመጀመሪያው አጠራር ነው። እናቱን «አንቺ» የሚል ስንት ጨዋ ልጅ አለ፤ ነውሩ ቃሉ ላይ አይደለም። ሰኞ «እርስዎ» ብሎ ማክሰኞ «አንቺ» ያለ ልጅ ግን በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ባልጎ ነው። ሁለተኛው ከኪሳችሁ የምትጨምሩት ቀልድ ነው። የሰሞኑን የከተማ ወሬና የሱቃችሁን ማስታወቂያ በሕፃን ገጸ ባሕርይ አፍ ታስነግራላችሁ። ሦስተኛው ዝምታን መፍራታችሁ ነው። ቶምና ጄሪ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ዓለምን ያሳቁት ከሞላ ጎደል ሳይናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ፊልም እንዲያወሩ ሲደረጉ ብዙ ወዳጆቻቸው ቅር ተሰኝተዋል። እናንተ ግን ድመቱ ጅራቱን በበር በተቆነጠጠ ቁጥር ንግግር ታስደርጉታላችሁ።

«የልጆች ጨዋታ ነው፣ ምን ያካብደዋል?» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካኖቹ ካርቱን በ«ዘ ሲምፕሰንስ» የሆነውን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1997 በቀረበ አንድ ክፍል፣ ለዓመታት የታወቀው ርእሰ መምህር ስኪነር የሌላ ሰው ስም ይዞ የኖረ ነው ተባለ። ተመልካቹ ተቆጣ፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልበረደም። ለስኪነር ድምፁን የሚሰጠው ሃሪ ሺረር ራሱ ክፍሉን በአደባባይ ነቅፎታል። እዚያ እንኳ ደራሲው አስቦበት፣ ምክንያት ጽፎለት ነው። እናንተ ጋ ያሰበበትም የለም።

የአቅም ነገርም አያሳምነኝም። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ስትጀምር ቀጭኔዋ ፀሐይ የካልሲ አሻንጉሊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን የታየችው ያቺ የካልሲ ቀጭኔ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ፀሐይ ጠያቂና አዋቂ መሆን የምትወድ ልጅ ናት፤ ልጆችም የሚጠብቋት እንዲያ አድርገው ነው። ይህን ለመጠበቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

የፈቃድን ጉዳይ ዛሬ አላነሣም፤ እሱን ሕግ ያየዋል። ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽበት የመቃወም መብት እንደሰጠው አትርሱ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ካርቱን አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የገጸ ባሕርዩ ስም በአማርኛ እንዴት እንደሚጠራ፣ ድምፁ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ማንን «አንተ»፣ ማንን «እርስዎ» እንደሚል፣ ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚወድ ይጻፍበት። አዲስ ሰው ሲገባ ደብተሩን ያንብብ፤ ያለፉትን ክፍሎችም ሳያዳምጥ ማይክ አይጨብጥ። አንዱን ልጅ የጀመረ ሰው ሳይቸግረው አይልቀቀው፤ ግድ ከሆነም ተተኪው የቀድሞውን ይከተል። ማስታወቂያችሁን ከታሪኩ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት። በመጨረሻም የድምፅ ሰጪዎቹን ስም በየክፍሉ ጻፉ። ስሙ የተጻፈበት ሰው ለሥራው ይጠነቀቃል፣ ያመሰገነም የሚያመሰግነውን ያውቃል።

እናንተም ወላጆች፣ ስትገዙ «አማርኛ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ሁሉንም ክፍል የሠራው አንድ ቡድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መርካቶ ደንበኛ የጠየቀውን ዕቃ አጥቶ አያውቅም፤ ይህንንም ብንጠይቀው ያመጣዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሸማ ተራ ነጋዴ፣ አዲስ ከተማ