ጥጥ ለማን ያዋጣል? የሄክታር ብዛትና የስጋት ክፍፍል

ስለ ኢትዮጵያ ጥጥ የሚዘጋጁ የመንግሥት ሰነዶች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ቁጥር አለ፤ ለጥጥ ተስማሚ የሆነ 3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት። ከዚህ ውስጥ በየዓመቱ በጥጥ የሚሸፈነው ግን ጥቂቱ ብቻ ነው። ለዚህ ክፍተት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው መልስ መሬቱን በሺህ ሄክታር እየሸነሸኑ፣ በውጭ የሚኖረውን ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጨምሮ፣ ካፒታል ላለው ባለሀብት ማከራየት ነው። የመልሱ መነሻ እርሻ በሰፋ ቁጥር ወጪ ይቀንሳል የሚለው እምነት ነው። እምነቱ ለስንዴ በአመዛኙ ይሠራል፤ ለጥጥ ግን ግማሽ እውነት ነው። ፖሊሲ በግማሽ እውነት ላይ ሲቆም ደግሞ ኪሳራው ለአገር ይተርፋል።

ጥጥን ከእህል የሚለየው ለቀማው ነው። ፍሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይፈነዳ ለቃሚው ወደ አንዱ ማሳ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ነገሩን በምሳሌ ማስላት ይቻላል። አንድ ሄክታር 20 ኩንታል ያልተዳመጠ ጥጥ ቢሰጥና አንድ ሰው በቀን 40 ኪሎ ቢለቅም፣ ሄክታሩ 50 የሥራ ቀናት ይፈጃል። ሁለት ሄክታር ያለው ቤተሰብ አራት ሰው ቢያሰማራ ሥራውን በ25 ቀን ይጨርሳል። 1 ሺህ ሄክታር የያዘ ኩባንያ ግን 50 ሺህ የሥራ ቀናት ማሟላት አለበት፤ በ50 ቀን ለመጨረስ በየቀኑ 1 ሺህ ለቃሚ ያስፈልገዋል። እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ይህ የሰው ኃይል በብዛት የሚመጣው ከደጋው ነው። መጓጓዣ፣ መጠለያ፣ ቀለብ፣ የወባ መከላከያና ተቆጣጣሪ ይሻል። የጸጥታ ችግር መንገዱን ከዘጋው ጥጡ እንደ ነጣ ማሳው ላይ ይቀራል። እዚህ ላይ የእርሻው መስፋት ወጪን አይቀንስም፤ እንዲያውም ቤተሰቡ የማያውቀውን ወጪ ይፈጥራል።

በቴክሳስ ወይም በብራዚሏ ማቶ ግሮሶ ሰፊ እርሻ የሚያዋጣው ለቀማውን ማሽን ስለተረከበው ነው። ዘመናዊው መልቀሚያ ግን እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ዋጋ አለው፤ በዙሪያውም ሜካኒክ፣ መለዋወጫ፣ ርካሽ ብድርና ለማሽን ለቀማ የተዘጋጀ መዳመጫ መኖር አለበት። የብራዚሉ ገበሬ በአንድ የዝናብ ወቅት አኩሪ አተር አንስቶ በዚያው መሬት ላይ ጥጥ ስለሚዘራ የመሬቱና የትራክተሩ ወጪ በሁለት ሰብል ላይ ይከፋፈላል። የአሜሪካው ገበሬ ደግሞ የመንግሥት ድጋፍ አለው። ብራዚል ይህን ድጋፍ ለዓለም ንግድ ድርጅት ከስሳ እ.ኤ.አ. በ2005 በይግባኝ ረትታለች፤ ክርክሩ የተዘጋው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 300 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከተስማማች በኋላ ነው። እንግዲህ ሰፊውን እርሻ የሚያቆመው በዙሪያው ያለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በሌለበት ስፋቱን ብቻ መቅዳት ዕዳን ማስፋት ይሆናል። በጋምቤላ በዝናብ ለሚለሙ ሰፋፊ እርሻዎች ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ የተሰጠው ብድር ብዙ ክፍሉ በወቅቱ ሳይመለስ መቅረቱ የዚህ ማሳያ ነው።

የአዋሽ ሸለቆም የራሱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ከመንግሥት ጋር የተንዳሆን የጥጥ እርሻ ሲመሠርት መስኖ፣ መዳመጫና የሠለጠነ አመራር ይዞ ገባ። ብዙም ሳይቆይ በአውሳ፣ በሱልጣን አሊሚራህ ዘመን፣ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ጥጥ ማልማት ጀመሩ፤ ውኃና ገበያ ከተገኘ ከኩባንያ ውጭ ያለ አምራችም እንደሚችል አሳዩ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሁሉንም በመንግሥት እጅ አደረገው፤ ከዓመታት በኋላም የተንዳሆ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ዋለ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። የአፋር አርብቶ አደር በበጋ የሚጠጋበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ ማጣቱ ግን በማንኛውም ዘመን የሂሳብ መዝገብ ላይ እንደ ወጪ አልሰፈረም።

ይህ ሲባል ግን ትንሽ ማሳ በራሱ ያዋጣል ማለት አይደለም። አነስተኛው አርሶ አደር ጓይ ትልን በወቅቱ ለመርጨት ገንዘብ ያጥረዋል፤ ሚዛኑንና የጥራት ደረጃውን የሚወስነው ገዢው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደችው ተባይ ተከላካይ የጥጥ ዘርም ለርጭት የሚወጣውን ሊቀንስ ቢችልም ዘሩ በገንዘብ የሚገዛ በመሆኑ፣ ዝናብ ሲቀር የሚደርሰው ኪሳራ ከፍ ይላል።

ለዚህ ችግር ማሊ መፍትሔውንም አደጋውንም አሳይታለች። ጥጧን የሚያመርቱት በአብዛኛው የቤተሰብ እርሻዎች ናቸው፤ ግብዓቱን በዱቤ የሚያቀርበው፣ ዋጋውን ቀድሞ የሚያሳውቀውና ምርቱን የሚዳምጠው አንድ የመንግሥት ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለአርሶ አደሩ ቃል የተገባው ዋጋ ሲቀነስና የማዳበሪያው ድጎማ ሲጓደል አርሶ አደሮቹ ጥጥ መዝራት ተዉ። 700 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው ምርት ወደ 147 ሺህ ቶን ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ዋጋው ሲስተካከል እንደገና ከ700 ሺህ ቶን በላይ ሆነ። መሬቱም፣ የማሳው ስፋትም፣ ገበሬውም ያው ነበሩ። የተናጋውና የተመለሰው እምነት ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። በጥጥ ኢኮኖሚ ውስጥ ስፋት ተገቢ ቦታው መዳመጫው ነው። ከ100 ኪሎ ያልተዳመጠ ጥጥ ክሩ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ለዘይትና ለፋጉሎ የሚሆን ፍሬ ነው። ይህን ክብደት ሩቅ መጫን ስለማያዋጣ መዳመጫ በአምራቾች መካከል መቆም አለበት፤ ያለ በቂ ምርትም አይኖርም። ስለዚህ ግብዓት በጅምላ መግዛት፣ ብድር ማቅረብ፣ ተባይን መከታተልና ጥራትን መመደብ የትልቅ ድርጅት ሥራ ይሁን፤ አረሙና ለቀማው የቤተሰብ።

ለዚህም ከዘር በፊት የሚታወጅ ዝቅተኛ ዋጋ፣ ከገዢው ነጻ የሆነ ሚዛንና ደረጃ መዳቢ፣ ዝናብ ሲቀር ኪሳራውን በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል የሚያካፍል ውል ያስፈልጋሉ። በዱቤ ዘር የወሰደ ገበሬ ምርቱን ሌላ ነጋዴ ጋር ወስዶ ይሸጣል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። ያን የሚፈጽመው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላው ነጋዴ የተሻለ ዋጋ ስለሚከፍል ወይም ቶሎ ስለሚከፍል ነው። ሕግ ውሉን ሊያስከብር ይችላል፤ የዘገየ ክፍያን ግን ፍትሐዊ ሊያደርገው አይችልም።

በውጭ ሆኖ በጥጥ ላይ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሙያም ጥያቄውን ቢለውጥ ይበጀዋል። ስንት ሄክታር ይገኛል ከማለት ይልቅ፣ በየትኛው ወረዳ ያለ መዳመጫ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አጥቶ ለአምራቹ በወቅቱ መክፈል እንዳቃተው ቢጠይቅ፣ ካፒታሉ የማንንም ግጦሽ ሳያጥር ሥራ ያገኛል።