የጠበቃዋና የባለጉዳይዋ ነገር

ከደባርቅ ተነሥቶ ጨነቅን አልፎ የቧሂትን ትከሻ ተሻግሮ ወደ በየዳ የሚዘልቅ መንገደኛ ሲኒማ አያለሁ ብሎ አይመጣም። እኛም ለዚያ አልመጣንም ነበር። ይሁን እንጂ በድል ይብዛ ከተማ ባደርንበት ቤት የቤቱ ልጅ ከደባርቅ ይዞት የመጣውን ፊልም በኮምፒዩተሩ ቢከፍት፥ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ በምድጃው ዙሪያ ተሰበሰበ። የፊልሙ ስም «ድፍረት» ይባላል። ቃሉ በቋንቋችን ጀግንነትንም፥ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸመውን ነውርም የሚጠራ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ስም ያወጣለት ሰው ይህን አስቦ እንደ ሆነ አያጠራጥርም። አብረውን ያዩት ሰዎች ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከሩበትን ነገር ማቅረብ፥ ፊልሙን ከማመስገንም ሆነ ከመንቀፍ ይልቅ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን አስበናል።

ታሪኩ ከእውነተኛ ነገር የተወሰደ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ጠመንጃ አግኝታ ስታመልጥ ጠላፊዋ ተከትሎ ቢደርስባት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ያደረገችው ራሷን ለመከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም.ም በዚያ ወንበር አገለገሉ። ፊልሙን ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሲሆን፥ የጠበቃዋን ክፍል ሜሮን ጌትነት፥ በፊልሙ ሂሩት የምትባለውን ልጅ ክፍል ደግሞ ትዝታ ሐገሬ ተጫውተውታል። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ፥ በጀርመንም በበርሊን የፊልም በዓላት ተመልካቾች በድምፃቸው መርጠው ሸልመውታል።

በድል ይብዛ ግን ሽልማት የሚሰጥ አልነበረም። በመጀመሪያ የተናገሩት፥ በደም የሚፈላለጉ ቤቶችን በማስታረቅ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ነፍስ ጠፍቷል» አሉ። «ዳኛው ልጅቱን ፈታ፤ መልካም። የሟችን ወንድም ግን ማን ፈታው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ነገሩ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለምና። ባላገር የሚኖረው ከፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላም ጎን ለጎን ነው፤ ውኃ የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ፥ የሚገበየውም በአንድ ገበያ ነው። የአርሲዋም ልጅ የአገር ሽማግሌዎች ከመንደሯ እንድትርቅ በይነውባት ነበር፤ የችሎቱ ነጻነት ወደ እናቷ ደጅ አልመለሳትም። ሽማግሌው ያነሡት ይህን ነው። ጠበቃ ባለጉዳይዋን ከወኅኒ ልታወጣት ትችላለች፤ ከበቀል የምታወጣበት ሕግ ግን በእጇ የለም።

በማእዘኑ ተቀምጣ የነበረች አንዲት መምህርት ግን አልተቀበለችም። «አባቴ፥ እርስዎ ለእርቅ ሲቀመጡ ሁለቱም ወገን ይናገራል። በፊልሙ በዛፉ ሥር በተቀመጠው ሸንጎ የልጅቱን ቃል የጠየቀ ማን ነበር?» አለቻቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «የጠየቀ የለም፤ እሱስ እውነት ነው ልጄ» ብለው ጋቢያቸውን አጠበቁ። ክርክሩን ለመርታት ሲሉ አንድም ቃል አልጨመሩም፤ ይህም በእኛ ዘንድ ከፍ ያለ አስተያየት ነበር።

በዚህ መካከል የቤቱ ልጅ ፊልሙ እምብዛም አላስደነገጠኝም ብሎ ቅሬታውን አሰማ። እርሱ የሚወደው ጠበቃ በገዛ ደንበኛው የሚታደንበትን የአሜሪካን ፊልም ነው። ምሳሌም ጠቀሰ፤ በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲድኒ ሉሜት ያዘጋጀውን «ጊልቲ አዝ ሲን» የተባለውን። በዚያ ፊልም አንዲት ብልህ ጠበቃ ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ለተከሰሰ መልከ መልካም ሰው ትቆማለች፤ በኋላ ሰውዬው በእርግጥ አደገኛ መሆኑን ትረዳለች፤ ነገር ግን የባለጉዳይን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አንደበቷን አስሮባታል። ሰውዬውም ይህን ግዴታ እንደ ጋሻ ይዞ ይሣለቅባታል።

ልጁን ያላመሰገነው አልነበረም፤ ሁለቱን ማስተያየቱ ነገሩን አብርቶልናልና። በአሜሪካኑ ፊልም ጠበቃዋ የምትፈራው ባለጉዳይዋን ነው፤ በእኛው ጠበቃዋ የምትፈራው ለባለጉዳይዋ ነው። በሁለቱም ግን ግዴታው አንድ ነው፤ የሚወደድም ሆነ የሚጠላ ተከሳሽ ስለ እርሱ የሚናገርለት ሊኖረው ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ በፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር፥ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውም ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን መንግሥት እንዲያቆምለት ደንግጓል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ለወንበዴ የተሠራ መጠለያ ይመስለዋል። ሂሩት በወኅኒ በተዘጋችበት ቀን ግን አገሩ ሁሉ ያያት እንደ ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ስለ ሕጉ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ያደርገው ነበር፤ ነገር ግን ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባት፥ ጋብቻው ካልፈረሰ በቀር፥ ክሱ ይቀርለት ነበር። እንግዲህ ጠላፊ ሽማግሌ ለመላክ የሚቸኩለው ለምን እንደ ነበረ ልብ ይሏል፤ ጋብቻው ከወኅኒ የሚያድነው መሸሻም ነበረና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን መሸሻ ዘጋው፤ ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት አደረገው፤ በኋላ የተደረገው ጋብቻም ከቅጣት እንደማያድን ገለጠ። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ያለ ሁለቱ ፈቃድ የሚጸና ጋብቻ እንደሌለ ፍትሐ ነገሥት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ በመንደር የተረሳው ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን ግን በፊልሙ ውስጥ የማይታየው ክፍል ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ እንግዳው ተሰብስቦ ሳለ፥ የፍርድ ቤት እግድ መጥቶ አስቆመው። ያሳገደችውም የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት ናት፤ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ። በኋላ እግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ቀርቧል። ይህን ብንነግራቸው መምህርቷ ደነገጠች። «እንዴት? የእርሷን ድምፅ ለማሰማት አይደለም እንዴ የተሠራው?» አለች። ሽማግሌው ግን «አየሽ ልጄ፥ በዛፉ ሥር ያልጠየቋት ሰዎች ብቻ አይደሉም» አሉ።

በዚህ ረገድ እኛ የሚሰማንን ሳንሸሽግ እንናገር። ፊልሙ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ሊያየው ይገባል እንላለን። ሆኖም ያቺ ሴት ያቀረበችውን አቤቱታ እንደ ምቀኝነት ወይም እንደ ገንዘብ ፍለጋ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ያሳዝኑናል። ስለ ሌላው ሰው ቁስል የሚጽፍ ሁሉ፥ እኛም ጭምር፥ በዚያ እግድ ፊት ጥቂት ቆም ማለት አይከፋንም። የእርሷን ስም በዚህ ገጽ ያልጻፍነውም ስለዚህ ነው።

ሌሊቱ ገፍቶ እሳቱ ሲዳከም እንግዳው አንድ በአንድ ወጣ። በማምሻው ሁሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰች፥ የገብስ ቆሎ ስታቀርብ ያመሸች የጎረቤት ወይዘሮ ግን በደጃፉ ቆይታን ኖሮ «ልጅቱ ዐሥራ አራት ዓመቷ መሆኑን ዳኛው በምን አወቀ?» ብላ ጠየቀችን። የልደት ምዝገባ በአገራችን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው እንደሚካሄድ፥ ከዚያ በፊት ግን ዕድሜ የሚታወቀው በእናት ትዝታና በሐኪም ግምት እንደ ነበረ ነገርናት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «የእኔዋ የተወለደች ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለት ሞላት። ቀበሌው ጠዋት በስንት ሰዓት ይከፈታል?» አለችን።