አቤቱታ፦ ወደ ጣና ዳር የሚያወርደን መንገድ አይዘጋብን

ለሐይቁ ዳርቻ አስተዳደር ለሚመለከተው ክፍል
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ቤተሰብ ውሎ የሚገባበት ክፍት የሐይቅ ዳር እንዲጠበቅልንና እንዲሟላልን ስለመጠየቅ

ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር የተያያዘው አመልካቾች በእግር ወደ ጣና ወርደን የምንመለስ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ነን። አብዛኞቻችን በወር ደመወዝ ወይም በዕለት ገቢ ቤት የምናስተዳድር ወላጆች ስንሆን፣ እሑድና በዓል ሲመጣ ልጆቻችንን ለማናፈስ አቅማችን የሚፈቅደው ሐይቅ ዳር መውረድ ነው። ምሳችንን ቋጥረን፣ ጀበናችንን አንጠልጥለን እንወጣለን፤ ፀሐይ ሲበርድ እንገባለን። ይህችው መዝናኛችን እየጠበበች ስለሄደችብን የሚከተለውን አቤቱታ በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዳርቻው በየቦታው ለካፌና ለመዝናኛ እየታጠረ ነው። በአጥሩ በኩል ወደ ውኃው ለማለፍ ማዘዝ ግዴታ ሆኗል፤ ከቤት የያዝነው ምግብም ከበር ይመለሳል። ስድስት ሰባት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ለየሰዉ ለስላሳ ማዘዝ ብቻ የሳምንቱን አስቤዛ ይነካል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው በእኛ ደረሰ። ነጋዴው ሠርቶ መብላቱን አንቃወምም፤ የምንቃወመው በአጥርና በአጥር መካከል ለእግረኛ መተላለፊያ አለመተዉን ነው።

ሁለተኛ፣ በተረፈው ክፍት ስፍራ መጸዳጃ ቤት የለም። እናቶችና ሴቶች ልጆች የየካፌውን ጥበቃ ይለምናሉ፤ የተከለከሉት ቁጥቋጦ ይፈልጋሉ። ከዚህ ውርደት በላይ የጤና ጣጣ አለ። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በሽታው በጣና ዳርቻ እንዳለ የጤና ባለሙያዎች ያውቁታል። ልጆቻችን ግን ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ሲንቦጫረቁ «እዚህ አትግቡ» የሚል ምልክት አያገኙም።

ሦስተኛ፣ በተሳፈርንባቸው ጀልባዎች ለሕፃናት ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት አላገኘንም። የአዋቂ የለበሰ ሕፃን ውኃ ላይ ቢወድቅ ጃኬቱ ወደ ላይ ሾልኮ ይወልቅበታል።

የምንጠይቀው መብታችንን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ነዋሪውና ተፈጥሮው ተጠባብቀው እንዲኖሩ ታስቦ ነው።

ስለዚህ፦

1. በየይዞታው መካከል ማንም ሳይከፍል ወደ ውኃው የሚደርስበት መተላለፊያ እንዲከፈት፣ ይህ እስኪሆን አዲስ አጥር እንዳይፈቀድ፤

2. በክፍቱ ስፍራ ውኃ ያለው የሕዝብ መጸዳጃ ቤትና የቆሻሻ መጣያ እንዲዘጋጅ። ለጽዳቱ መጠነኛ ክፍያ ብንጠየቅ ለመክፈል፣ በየዕድራችንም ሰው መድበን ለመቆጣጠር ዝግጁ ነን፤

3. ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተመክሮ ለዋኝ አደገኛ በሆኑ ቦታዎች ምልክት እንዲተከል፤

4. ለተሳፋሪ ሕፃናት ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ያልያዘ ጀልባ እንዳይነሣ ቁጥጥር እንዲደረግልን እንጠይቃለን።

የበጀት እጥረት መኖሩን እንረዳለን፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራ አላልንም። መተላለፊያ ማስከፈትና ምልክት መትከል ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ከዚያ ይጀመርልን። በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጠንም እናመለክታለን። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ምክንያቱ ተዘርዝሮና ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠን፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 በተረጋገጠልን አቤቱታ የማቅረብ መብት ለበላይ አካል ይዘነው እንቀርባለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አመልካቾቹ