የታከመች ላም ወተት

በሓድነት ክፍለ ከተማ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከየግቢው ጀሪካንና ጆግ ይዞ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ሁለት ወይም ሦስት የተዳቀሉ ላሞች ያሉት ቤተ ሰብ ወተቱን ለጎረቤትና ለሻይ ቤት ያደርሳል፤ ከሽያጩም ፉርሽካና ፋጉሎ ይገዛል፤ ከእንዳ ስዋ አተላ ያስመጣል፤ የተረፈውን ለልጆች ደብተርና ለቤት ኪራይ ያውለዋል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ከሥራው ጋራ ተያይዞ የመጣ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ላሟ ስትታመም የምትወጋው አንቲባዮቲክ ነው። በየመኝታ ቤታችን ስለዚህ ነገር ክርክር ሲነሣ ግማሹ ተማሪ «ይከልከል፣ አጥፊው ይቀጣ» ይላል፤ ግማሹም «ሕዝቡ መጀመሪያ ወተት ይጠጣ፤ ቁጥጥር የጥጋበኛ አገር ወግ ነው» ይላል። ይህ ጸሐፊ ከሁለቱም ወገን አይደለም።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። የተዳቀለች ላም ብዙ ታልባለች፤ ብዙ የምትታለብ ላም ደግሞ፣ በተለይ ወለሉ ረጥቦና የአላቢው እጅ ሳይታጠብ ሲቀር፣ ለጡት በሽታ የተጋለጠች ናት። ጡቷ ያብጣል፤ ወተቱ ይጓጉላል፤ አንዳንዴም ደም ይቀላቅላል። ባለቤቲቱ የእንስሳት ሐኪም ብትጠራ የመጓጓዣውንና የድካሙን መክፈል አለባት። ወደ መድኃኒት መደብር ብትሄድ ግን ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን ከስትሬፕቶማይሲን ጋራ የተቀላቀለውን ጠርሙስ ያለ ማዘዣ የሚሸጥላት አታጣም። መርፌ የሚወጋ የሰፈር ሰውም ይገኛል። ላሟ በሁለተኛው ቀን ሻል ካላት መርፌው ይቆማል፤ ጠርሙሱም ለሚቀጥለው ጊዜ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ወተቱስ? ወተቱ በማግሥቱ ይሸጣል።

በጠርሙሱ ላይ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ወተቱ ለሰው የማይሰጥባቸው ቀኖች ተጽፈዋል። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ሦስት ቀን የሚል አለ፤ ሰባት ቀንና ከዚያም በላይ የሚል አለ። የተጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ዓይን ያጠፋል። በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም አምስት ቀን ብትከለከል 50 ሊትር ወተት ይፈስሳል ማለት ነው። በአገራችን ወተት ማፍሰስ ነውር ብቻ ሳይሆን ኀጢአት ተብሎ የሚቈጠር ነገር ነው። ላሟን ለማሳከም ገንዘቧን የጨረሰች እናት 50 ሊትር እንድታፈስ ስንነግራት ምን እንደምትመልስልን ማወቅ አያስቸግርም። ለጥጃው ይሰጥ የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ያን ወተት የጠጣ ጥጃ በአንጀቱ ውስጥ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ስለሚያሳድግ ችግሩ ከጆግ ወደ በረት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

«ወተቱን አፍልተን እንጠጣለን፤ ምን ያመጣል?» የሚለው መልስ በብዙ ቤት ይሰማል። ማፍላት መልካም ልማድ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳንና ሌሎችንም ከወተት የሚመጡ በሽታዎች ይከላከላል። ይሁን እንጂ እሳት ጀርሙን ይገድላል እንጂ በወተቱ ውስጥ የቀረውን መድኃኒት በአብዛኛው አያጠፋውም። ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ይህ አደጋ ሊሆን ይችላል። እርጎ የሚያረጉ እናቶችም ነገሩን ከላቦራቶሪ በፊት ሳያውቁት አልቀሩም። ወተቱን የሚያረጋው ራሱ ባክቴሪያ ስለ ሆነ መድኃኒት ያለበት ወተት በቅሉ ውስጥ ቢከርምም አልረጋ ሊል ይችላል። (ያልረጋ ሁሉ መድኃኒት አለበት ማለት አይደለም፤ ብርድም ያዘገየዋል።)

ይህ የግምት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በደብረ ዘይትና በናዝሬት የወተት እርባታዎች ወተት ውስጥ የኦክሲቴትራሳይክሊንና የፔኒሲሊን ቅሪት አግኝቷል። በራሳችን ከተማ በመቐለ የወተት እርባታዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናትም ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ሆኖ እንደ ተገኘ ያሳያል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ከልክ ያነሰ መድኃኒት መውሰድ ጀርሙን ማስለመድ ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። በዓለም ላይ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

እንግዲህ «መጀመሪያ ሕዝቡ ወተት ይጠጣ» ለሚሉት ወንድሞቻችን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ወተቱ በይበልጥ የሚታሰበው ለማን ነው? ለሕፃናት አይደለምን? ያ ሕፃን ነገ ሳንባው ቢታመም የሚድነው በዚያው በአንቲባዮቲክ ወገን መድኃኒት ነው። የመቐለ ሕዝብ መድኃኒት ማጣት ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በጦርነቱና በከበባው ዘመን በዓይኑ አይቶታል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የጠፋው መንገዱ ስለ ተዘጋ ነበር። መንገዱ ሲከፈት መጣ። መሥራት ያቆመን መድኃኒት ግን የትኛውም መኪና አያመጣውም።

ወደ ቀጪዎቹ ወገኖች እንመለስ። እነዚህ ወዳጆቻችን አውሮፓን መጥቀስ ይወዳሉ። እውነት ነው፤ ስዊድን እንስሳትን ለማወፈር አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋራ መቀላቀልን እ.ኤ.አ. በ1986 ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2006 ተከተላት፤ ከጥር 2022 ጀምሮም ጤነኛ እንስሳትን በልማድ በመድኃኒት መጠበቅን ከለከለ። ነገር ግን የእነርሱ በደል በሺህ የሚቈጠር ከብትን ሳይታመም በመድኃኒት መመገብ ነበር። የእኛ በደል ሌላ ነው፤ አንዲት የታመመች ላም፣ ያልተመረመረ በሽታ፣ የጎደለ መጠን፣ ያልተጠበቀ ቀን። የሌላውን ሰው ልብስ በእኛ ቁመት ላይ መስፋት አያዋጣም።

ሕግ የለም እንዳይባልም ሕጉ አለ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ በእርሱ መሠረት የቆመው መሥሪያ ቤት ኋላ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተጠቃሏል። የጎደለው ከአዋጁ እስከ ሓድነት ያለው መንገድ ነው። ተቆጣጣሪው ከባለ ሁለት ላሟ እናት ቢጀምር እርሷ ላሟን ትደብቃለች፤ መርፌውን በሌሊት ታስወጋለች፤ እኛም ስለ ወተቱ ዛሬ ከምናውቀው ያነሰ እናውቃለን። ስለዚህ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከመደብሩ መደርደሪያ ነው። ያለ ማዘዣ የሸጠ ነጋዴ ይጠየቅ። ከሸጠም ጠርሙሱ ላይ ወተቱ የማይሸጥባቸውን ቀኖች በትግርኛ፣ በትልቅ ፊደል የመለጠፍ ግዴታ ይኑርበት። ይህ ወረቀትና ሙጫ እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የፈሰሰው ወተት ዋጋ ግን ከባዱ ጥያቄ ነው። ወተት አቅራቢዎች በማኅበር ሆነው ከየሊትሩ ጥቂት ሳንቲም ቢያስቀምጡ፣ ላሟ የታከመችበት ቤት ከዚያ ላይ በከፊል ሊካስ ይችላል፤ ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለማቋቋም ከውጭ አገር አማካሪ አይሻም። ሓድነት ማለት በትግርኛ አንድነት ማለት ስለ ሆነ ስሙም ሥራውን ይስማማዋል። ያለ ካሳ የሚወጣ ማናቸውም መመሪያ በወረቀት ላይ ይቀራል ብለን እናምናለን። በጾም ወራት የወተት ገበያ ስለሚቀዘቅዝ ማኅበሩ በዚያ ጊዜ ቢጀምር ኪሳራው ይቀልላል።

የምርመራው ነገር አስቸጋሪ አይደለም። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ወተቱ ሲጨመርበትና ለሦስት ሰዓት ያህል ሲሞቅ ካደገ ቀለሙን ከወይን ጠጅ ወደ ቢጫ ይለውጣል፤ ካልለወጠ ወተቱ መድኃኒት አለበት ተብሎ ይጠረጠራል። ቃላሚኖ ያለው የዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች ይህን በሳምንት አንድ ቀን በወተት መረከቢያ ቦታ ቢሠሩ፣ የጡት በሽታንም ገና ሳያብጥ በሳሙና መሰሉ መመርመሪያ ቢለዩና ስለ እጅ መታጠብ ቢያስረዱ፣ ብዙው መርፌ ከመነሻው አያስፈልግም ነበር። ውጤቱ በመጀመሪያው ዓመት ለባለቤቱ ብቻ ይነገር እንጂ ለቅጣት አይዋል።

የተማሪዎች ኅብረት ጉዳዩን ለውይይት ቢያቀርበው፣ የብልቃጦቹን ዋጋ ኮሌጁ፣ ማኅበሩ ወይስ የከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይክፈል የሚለውን አስቀድሞ ቢወስን ይሻላል፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።