ፈንግል የገባበትን ዶሮ የሸጥኩት እኔ ነኝ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዶሮ ነው። ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ። አንዳንዶቻችሁ "ስለ መብታችን ስትጽፍ ከርመህ አሁን ደግሞ ዶሮ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ከዚያ ስደቡኝ።

ነገሩ የሆነው ያለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ከአንዲት ቄብ ተነስታ ዘጠኝ ዶሮ አድርሳ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አንዷ ከቆጡ ሥር ሞታ ተገኘች። ሌላዋ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛለች። ኩሷ አረንጓዴ ነው። ዶሮ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም። ፈንግል ገብቷል።

ባለቤቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። እኔ ገና ደህና የሚመስሉትን ሦስቱን እግራቸውን አስሬ ይዤ ወጣሁ። በልቤ "ሳይሞቱ ገንዘብ ይሁኑ" አልኩ። ለበዓል ዶሮ የሚፈልግ ሀበሻ አይጠፋምና ሁለቱ ወዲያው ተሸጡ። ሦስተኛዋን፣ እንቁላል ልትጀምር የደረሰችውን ቄብ፣ የገዙኝ አንዲት እናት ናቸው። ለማረድ አልነበረም። ካሏቸው አስራ አንድ ዶሮዎች ጋር ሊቀላቅሏት ነው። ይህንንም ነግረውኛል። ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ገንዘቡንም ተቀበልኩ።

በስምንተኛው ቀን ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀረች። ተማሪዬ ናት። በማግስቱ እናትየው ራሳቸው ቤቴ መጡ። ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን "መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ዶሮዎቼ አንገታቸው እየተጠመዘዘ አለቁብኝ። ምን መድኃኒት አለው?" አሉኝ።

"ነጭ ሽንኩርት ይሞክሩ" አልኳቸው። መድኃኒት እንደሌለው እያወቅሁ።

ከአስራ ሁለቱ የተረፈችው አንዲት ናት። ከኛ ቤትም አንድ ብቻ ተረፈች።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን የዶሮ ነገር ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ስለዚህ የጓሮ ዶሮ እዚህ ኦቦ ምን እንደሆነች ላስረዳ። መጋቢት 1 ቀን 2010 ሞያሌ ላይ ሰው በጥይት ሲወድቅ በቀናት ውስጥ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሶሎሎና አካባቢው እንደገባ ታስታውሳላችሁ። ብዙው ተመልሷል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየምክንያቱ መጥተን የቀረን አለን። መሬት የለንም። በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ሠርቶ የመብላት መብት ጽፎልናል፤ ወረቀቱን ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜ ግን የሞከረ ያውቀዋል። በ2025 ካኩማና ዳዳብ ላይ ራሽን ሲቆረጥ ምን እንደሆነም አይታችኋል። ዶሮ ግን ፈቃድ አትጠይቅም፣ ኪራይ አትጠይቅም። የወደቀ ፍርፋሪና ምስጥ ለቅማ ትውላለች፣ ማታ ቆጧ ላይ ትወጣለች።

ግን ደግሞ ተአምር አትሠራም። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ካቀፈች 21 ቀን ትቀመጣለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ስትዞር ሳምንታት ያለ እንቁላል ያልፋሉ። ከተፈለፈሉት አስር ጫጩቶች ግማሹን ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ይካፈሉታል። የቀረችው ጥቂት እንቁላል ተሸጣ ነው ደብተር፣ ሳሙናና ለሴት ልጅ ሞዴስ የምትሆነው። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ "የለችም" ከምትባለው ልጅ ጀርባ አንዳንዴ የሞተች ዶሮ አለች። የዚያች ልጅ መቅረት ይህ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ እኔ መምህሯ ነኝ።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ። ፈንግል ዓለም ኒውካስል የሚለው በሽታ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ከታየበት የእንግሊዝ ከተማ ነው። ቫይረስ ስለሆነ ነጭ ሽንኩርትም፣ ፌጦም፣ ሎሚም፣ የሰው ቴትራሳይክሊንም አያድነውም። ክትባት በማያውቅ መንደር ከገባ ከአስር ስምንትና ዘጠኝ ዶሮ ሊፈጅ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ምልክቱ ሳይታይ ቀናት መቆየቱ ነው። ዛሬ ሮጣ የምትለቅመው ዶሮ ከሳምንት በኋላ የምትሞተው ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ "ደህናዎቹን ነው የሸጥኩት" የሚለው ሰበብ ሰበብ አይሆንም። እኔ ራሴ ተጠቅሜበታለሁና አውቀዋለሁ።

ፈንግል በራሱ እግር የለውም። የሚያዞረው ሰው ነው። አንዱ ግቢ ዶሮ መሞት ሲጀምር ባለቤቱ የቀሩትን ይዞ ወደ ገበያ ይሮጣል። ገዥው ወደ ሌላ ግቢ ይወስዳል። የሞተችውን ደግሞ ሜዳ ላይ እንጥላለን፣ ውሻ ይጎትታታል። በዓል ሲደርስ መሸጥ መግዛቱ ስለሚበዛ በሽታውም አብሮ ይሮጣል። ስለዚህ በየዓመቱ "እግዜር አመጣብን" የምንለው ነገር ውስጥ የኛ እጅ አለበት።

ታሪኬን ልጨርስ። ባለቤቴ ነገሩን ስታውቅ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን "ዶሮዎቹ የኔ ነበሩ፣ ሳትጠይቀኝ ሸጥክ። ኃጢአቱ ግን የሁለታችን ሆነ። ሄደህ ንገራቸው" አለችኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። ገንዘባቸውን መለስኩ። ከተረፈችው ዶሯችን ከሚፈለፈሉት ሁለት ቄቦች እንደምንሰጣቸውም ቃል ገባሁ፤ ሰጥተናልም። እናትየው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና "አይ መምህር፣ እኔም ብሆን እሸጥ ነበር" አሉ።

ይህን ንግግር ከዚያን ቀን ጀምሮ አልረሳሁትም። ይቅር ብለውኝ ይሆናል። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነገር ነው። "ታማኝ ሁኑ" ብሎ መስበክ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ዘጠኝ ዶሮ ብቻ ያለው ሰው ዘጠኙም እንደሚሞቱ እያወቀ ቁጭ ብሎ ይያቸው ማለት ከባድ ነው። ሐቀኛ ሆኖ የከሰረውን ሰው የሚደግፍ ነገር ከሌለ ሁላችንም አንድ ቀን እግራቸውን አስረን እንወጣለን።

ታዲያ ምን ይሻላል? ክትባት አለ። ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ ኬንያም ታመርታለች። አይ-ቱ የሚባለው ዓይነት አውስትራሊያ ውስጥ በተለይ ለመንደር ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ ከሌሎቹ የተሻለ ሙቀት ይችላል። ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ነው፣ በአራት ወር አንዴ ይደገማል። ሞዛምቢክና ታንዛኒያ ውስጥ የመንደር ሴቶች ሠልጥነው ራሳቸው ሲያንጠባጥቡ ኖረዋል። እኛ ጋ ችግሩ አንድ ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ መሆኑ ነው። ስድስት ዶሮ ያላት እናት የመቶ አትገዛም። ከተከፈተ ደግሞ አይቀመጥም፤ የተረፈው ይደፋል። ለብቻ ሲታሰብ ውድ ነው፤ ለአስራ አምስት ቤት ሲካፈል ግን ከጥቂት እንቁላል ዋጋ አይበልጥም።

ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለገንም። ዕድር የት ሄደና? አስራ አራት ቤት ሆነን የዶሮ ዕድር ጀምረናል። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት የአንድ እንቁላል ዋጋ ያዋጣል። ገንዘቡን የሚይዙት ሴቶች ናቸው። በየካቲት፣ በሰኔና በጥቅምት፣ ጨለማ ሳይገፈፍ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ በአንድ ጠዋት ሁሉም ቤት ይከተባል። ደንቡ ሦስት ነው። ዶሮ የታመመበት ቤት በዚያው ቀን ይናገራል። አይሸጥም፣ አያርድም፣ የሞተውን ይቀብራል። እንዲህ አድርጎ ለከሰረው ቤት ዕድሩ ከሚቀጥለው ፍልፍል ሁለት ቄብ ያወጣለታል። የተናገረ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም ማለት ነው።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም። ሁለት ቤቶች መዋጮ አቁመዋል። ጭልፊቱም ዕድር አያውቅም። ሁለት ዙር ከትበናል፤ እስካሁን ፈንግል አልገባብንም፤ ነገ አይገባም ብዬ ግን አልምልም። የታመመ ከመከተብ በፊት ቀድሞ መከተብ እንደሚሻል ግን እምላለሁ፤ ክትባቱ የያዘውን አያድንምና።

ቦረና ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ መጀመሪያ ይስቁብን ነበር። "ወፍ ሀብት ነው እንዴ?" ይሉን ነበር። ከ2020 እስከ 2022 ዝናቡ ደጋግሞ ሲቀር ከብቶቻቸው ካለቁ በኋላ ልጆቻቸው ዶሮ ጀመሩ። እኛም የነሱን አብረን እንከትባለን። ውለታ አይደለም፤ ፈንግል የስደተኛ መታወቂያና የዜጋ መታወቂያ ለይቶ አይገባም። የነሱ ዶሮ ካልተከተበ የኛም አልተከተበም።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ።

ለሚረዱን ድርጅቶች፦ ፎቶ የምታነሱበትን ጫጩት በካርቶን ከማደል በፊት ክትባቱን አስቡ። የፈረንጅ ጫጩት ሙቀትና የተገዛ መኖ ይፈልጋል። ለራሷ የምትበላው ያነሰባት እናት መኖ ከየት ታመጣለች? አንድ ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ በየአራት ወሩ ክትባትና አምስት የሠለጠኑ ሴቶች ብትሰጡን ጫጩቱን ዶሮዎቻችን ራሳቸው ያመጡታል።

ለባሎች፣ ከራሴ ጀምሮ፦ ሴትየዋ ያሳደገችውን ዶሮ ሳትጠይቁ አትሽጡ። የእንቁላሉ ገንዘብ የሷ ነው። እኛ እጅ ሲገባ ወዴት እንደሚሄድ እንተዋወቃለን።

ለዘመዶቻችን፣ አዲስ አበባም አሜሪካም ላላችሁ፦ በየበዓሉ "ዶሮ ግዙበት" ብላችሁ ስትልኩልን ደስ ይለናል፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ነገር ግን አስራ ሁለት ብልት ተሠርታ በአንድ ቀን ከምታልቀው ዶሮ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ለክትባት ብትሉን ዓመቱን ሙሉ እንቁላል እንበላለን።

"ስለ መብት ጻፍ" ለምትሉኝም፦ ይኸው ጻፍኩ። መንግሥትና ድርጅት እንዲያዳምጠን የምንጠይቅ ሰዎች መጀመሪያ እርስ በርሳችን የታመመ ነገር መሸጣጣትን እናቁም። እኔ ስለ ፍትሕ በምጽፍበት በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ላይ ያደረግሁትን ነገርኳችሁ። ስም አላነሳሁም፣ ከራሴ በስተቀር። ያነበበ ሁሉ የራሱን ያስብ።

እናትየው አሁን ስድስት ዶሮ አላቸው፤ የዕድሩም ገንዘብ ያዥ እሳቸው ናቸው። መዋጮ የምዘገይ ከሆነ "መምህር፣ እርስዎ ደግሞ!" ይሉኛል። ልጃቸው ከክፍል አትቀርም።

ዶሮ ላለው ሰው ሁሉ አድርሱልኝ። አስራ አምስት ቤት ሆናችሁ መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ደንባችንን እልክላችኋለሁ። ቸር ይግጠመን።